ጋሼ ጡሩምባ መጨረሻውን የተናገረበት ቀን

አጎቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊልም ሲያስተዋውቅ አንዱንም አይቶ አያውቅም። ይህን የምናገረው ላማው ብዬ አይደለም፤ እሱ ራሱ በኩራት የሚያወራው ነገር ነው። «አይቼ ከጠላሁት አፌ ይታሰራል፤ ከወደድኩት ደግሞ አፌ አይዘጋም። ሁለቱም ለሥራ አይሆኑም» ይላል። ስለዚህ ፖስተሩን ከሲኒማ ቤቱ ይቀበልና ላዩ ላይ ያሉትን ፊቶች ይቆጥራል። አንድ ፊት ከሆነ «ደም የሚያፈላ!»፣ ሁለት ከሆኑ «የፍቅር ማዕበል!»፣ ከሁለት ካለፉ «የሳቅ ጎርፍ!» እያለ ከተማውን ያዳርሳል። የሚገርመው፣ ከአሥሩ ሰባቱ ይሳካለታል። ይህ ስለ አጎቴ ችሎታ ሳይሆን ስለ ፊልሞቹ ብዙ ይናገራል።

ከተማው «ጋሼ ጡሩምባ» ይለዋል። የእናቴ ወንድም ነው። አንድ አሮጌ ሚኒባስ አለችን፤ ጣሪያዋ ላይ ሁለት ሞንታርቦ ተጠፍሯል፣ ጎንና ጎኗ ላይ ፖስተር ይለጠፋል። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ማይኩን ጨብጦ ይጮኻል። መንዳት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ አጠገቡ ተቀምጬ እግሩን እያየሁ ለመድኩ። ንባብም እንደዚሁ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ሲቋረጥብኝ ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ያለው አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ያልሸጠውን ሁሉ ቁጭ ብዬ አነበብኩለት። ስለዚህ አጎቴ «ፕሮፌሰር» ይለኛል። እያሾፈ ነው። ሰው ፊት ሲጠራኝ ግን ድምፁ ውስጥ ሌላ ነገር ይገባበታል፤ እሱን የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ፣ እንደሰማሁም አልነግረውም።

ባለፈው ሰሞን የመጣልን ፊልም «መቀርቀሪያ» ይባላል። የሠሩት ባልና ሚስት ናቸው፤ እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ያዘጋጃል። ባሕር ማዶ ሳይቀር የተሸለሙ፣ ጋዜጣ በስማቸው ፊት «አንጋፋዎቹ» ሳይል የማያልፋቸው ሰዎች ናቸው። እዚህ ግን ፊልማቸው ሲመጣ ሰው «ጥሩ ነው አሉ» ይልና ሌላ ፊልም ይገባል።

እኔ ረቡዕ ዕለት አየሁት። ትኬት ቆራጯ ጓደኛዬ ናት፣ ለሙከራ ሲያጫውቱት በጓሮ በር አስገባችኝ። ደፋር ፊልም ነው። አሥራ አንድ ዓመት ታስሮ የወጣ ባልና አሥራ አንድ ዓመት ብቻዋን የኖረች ሚስት፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ። ሰው ጓዳው ውስጥ የሚደብቀውን ነገር አንድ በአንድ ያወጣዋል፤ ያውም ሳይጮኽ፣ ያለ ሙዚቃ። ወጥቼ ሦስት ቀን የሚጽፉትን ማስታወቂያ በአንድ ቀን ጻፍኩ። እንዲህ የሚል፦

«ይህ ፊልም አያስቅዎትም። አይዋሽዎትምም። አንድ ቤት፣ ሁለት ሰው፣ አሥራ አንድ ዓመት። በር መክፈት የረሳ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

ለአጎቴ ሰጠሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ አነበበው። ያለ መነጽር ደህና ያያል፤ መነጽሩ ለግርማ ሞገስ ነው።

«ፕሮፌሰር፣ ይሄ የጻፍሽው ማስታወቂያ ነው ወይስ የሐኪም ማስጠንቀቂያ?»

«እውነቱ ነው፣ ጋሼ።»

«እውነት ለመስማት ትኬት የሚቆርጥ ሰው የለም፤ ቤቱ በነጻ ሞልቷል።» ፖስተሩን አየ። ባል፣ ሚስት፣ አንዲት ጎረቤት። ሦስት ፊት። «የሳቅ ጎርፍ» አለ፣ አለቀ።

ሐሙስ ከሰዓት የመጀመሪያው ዕይታ ነበር። ሳቅ ፍለጋ የመጣው ሰው አርባ ያህል ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ባልየው የገዛ ቤቱ መጸዳጃ በር ፊት ቆሞ ሲጠብቅ ሳቁ፤ ቀልዱ ይቀጥላል ብለው። ከዚያ አልጋው ላይ ሽንቱ ሲያመልጠውና ሚስቱ በጨለማ አንሶላውን ስትቀይር ሳቁ ተቆረጠ። ሲወጡ አጎቴ በር ላይ ነበር። አንድ ጎልማሳ ቀጥ ብሎ መጣበት።

«ጋሼ ጡሩምባ፣ ጎርፉ የት ጋ ነው? ሚስቴ ከመካከሉ ጀምሮ እያለቀሰች ነው። ምን ብዬ ላባብላት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ አጎቴ።

«ታዲያ ካላወቅህ ለምን ጮኽክ?»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራን። ክፉ ሰው አይደለም፤ መጥፎ ዜና ሲናገር እስክሪብቶ ይፈታል፣ ይገጥማል። ያን ቀን እስክሪብቶው አራት ቦታ ሆነ።

«ጋሼ፣ በግልጽ ልንገርህ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ በግማሽ ካልሞላ ፊልሙ ይወርዳል። ፊልሙ ብቻ አይደለም። መኪናዋም ትቆማለች። ከእንግዲህ ማስታወቂያው በስልክ ነው።»

«ድምፄን ስልክ ውስጥ አስገቡታ» አለ አጎቴ።

«ስልክ ላይ ድምፅ አይደለም የሚፈለገው፣ ጋሼ። ሰዉ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያየው።»

አጎቴ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ወጣ። ለማንም እሺ ጌታዬ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ሚኒባሷ ውስጥ ገብቶ ማይኩን በመሀረቡ ይጠርግ ጀመር፤ ንጹሑን ማይክ። እኔ ሌላ መኪና ላይ ሹፌር ልሆን እችላለሁ። እሱ ግን ማይክ ከሌለው ምን ይሆናል? ቤት ውስጥ «ጨው አቀብሉኝ» ሲል እንኳ ሦስተኛው ጎረቤት ጨው ይፈልጋል።

ዓርብ ጠዋት አዳራሹ ባዶ ሳለ እጁን ይዤ እበሩ ድረስ ወሰድኩት።

«ግባ።»

«አልገባም።»

«ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት ሰውን ግቡ ግቡ ስትል ኖረህ አንተ መግባት ትፈራለህ?»

«አልፈራሁም። የሥራ ሕግ አለኝ።»

«ነገ ማታ ሕጉ ይኖርሃል፣ ሥራው ግን አይኖርም።»

ክፉኛ አየኝ። ምላሴ ስለታም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከሱ ነው የወረስኩት፣ ስለዚህ ይቅርታ አልጠየቅኩም። ገባ።

ሁለት ሰዓት ያህል ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። ሲወጣ የመስታወቱ በር ጋ ደርሶ ቆመ። ከውጭ ይታየኛል፤ እጁን እጀታው ላይ አድርጎ እጁን ያየዋል። ከዚያ ገፋው። ዓይኑ ቀልቷል። ምሳችንን ዝም ብለን በላን፤ ሦስተኛው ጎረቤት ደንግጦ መሆን አለበት። መጨረሻ ላይ «ፕሮፌሰር፣ ያቺን ወረቀትሽን ስጪኝ» አለኝ።

ሰጠሁት። አነበባት፣ ሁለቴ። አጠፋትና ደረት ኪሱ ከተታት።

«ቆንጆ ናት።»

«ታዲያ?»

«ነገ እናያለን።»

እኔ ደግሞ፣ ሞኟ፣ ነገ የኔን ጽሑፍ ሊያነብ ነው ብዬ ተኛሁ።

ስለ ሥራችን አንድ ነገር ካላወቃችሁ የሆነው አይገባችሁም። ፈቃዳችን እየሄዱ ለመናገር እንጂ ቆሞ ለመናገር አይደለም። ከቆምን ትራፊክ ፖሊሱ ወረቀት ያወጣል። ስለዚህ በሰው እርምጃ ፍጥነት ገበያውን አቋርጠን፣ በአውቶቡስ መናኸሪያው ዞረን፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ባሉት ፎቆች እንጨርሳለን። በየቦታው ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ስለሚደገም ማንም የሚቀርበት ነገር የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያው አፍ ላይ ስንደርስ አጎቴ ማይኩን አበራ። ጉሮሮውን ጠረገ። አልጮኸም። ሠላሳ ዓመት የሚያውቀው ገበያ ሁሉ ድምፁ ዝቅ ሲል ቀና አለ።

«ወገኖቼ፣ ሐሙስ ዕለት ዋሽቻችኋለሁ። የሳቅ ጎርፍ ብያለሁ፤ ፊልሙን አላየሁትም ነበር። አሁን አይቼዋለሁ። አንድ ሰውዬ ነው። ከእስር ቤት ወጣ። ልብሱን በፌስታል ይዟል። ቤቱ ደረሰ፣ በሩ ፊት ቆመ። አያንኳኳም፣ አይገፋም፣ ዝም ብሎ ቆመ። ለምን በሉኝ?»

«ለምን?» አለች አንዲት ቲማቲም ሻጭ።

«አሥራ አንድ ዓመት በር ሲከፍትለት የኖረው ሌላ ሰው ነዋ! ረስቶታል! የገዛ ቤቱን በር!»

ቲማቲም ሻጯ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

በክርኔ ጎሸምኩት። «ጋሼ፣ እየተረክ ነው እኮ! የጻፍኩት ጥያቄ ላይ አቁም!»

ማይኩን በመዳፉ ሸፈነ። «ንጂ አንቺ።»

ነዳሁ። እሱም ቀጠለ። ባልየው ለምን እንደታሰረ፣ ሚስትየዋ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ሳይሆን ጫማውን እንደሆነ፣ ጎረቤቲቱ ምን ብላ እንደገባች። እኔ ባየሁት ፊልም ላይ ያላየሁትን ሁሉ ያወጣል። ያበሸቀኝም እሱ ነው። አራት መስመር ጽፌ ነበር፣ ጥሩ አራት መስመር፤ ደረት ኪሱ ውስጥ ተኝታለች። እሱ ያለ ወረቀት የገበያውን ሰው እንደ ክር እየሳበ ነው።

መናኸሪያው ስንደርስ ታሪኩ መካከሉ ላይ ደርሷል። «ሚስትየዋ ልብስ እየተኮሰች ነገረችው» አለ በሞንታርቦው። «በሌለህበት ሌላ ሰው ነበረኝ አለችው። አላለቀሰችም። ካውያውን እንኳ አላስቀመጠችም።»

አንድ የአውቶቡስ ረዳት ግማሽ አካሉን በበሩ አውጥቶ የሚሄድበትን ሲጣራ ነበር፤ አፉ ክፍት እንደሆነ ቀረ።

«ጋሼ፣ ከዚያስ? መታት?»

«አልመታትም።»

«ጥሏት ሄደ?»

«የተኮሰችውን ሸሚዝ አንስቶ አጠፈላት። ፊቱን አያሳዩህም። እጁን ብቻ ነው የምታየው፣ ልጄ። እጁን።»

ረዳቱ ከአውቶቡሱ ወርዶ ከጎናችን ይራመድ ጀመር። «እሱ ግን ለምን ታስሮ ነበር?»

«ገበያ ሂድና ጠይቅ! እኔ አልደግምም፣ መንገድ ላይ ነኝ!»

ፎቆቹ ጋ የሆነውን መናገር ያሳፍረኛል። ቅዳሜ ነው፣ ሴቶቹ በየበረንዳው ልብስ ያሰጣሉ። አጎቴ ማይኩን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው፤ ሕንጻው ሁሉ ቀና አለ።

«አንኳኳ!» አለ። «አሁን መጨረሻው ነው። ሰውዬው የገዛ ቤቱን አንኳኳ። ውስጥ ናት። ተነስታ ልትከፍትለት ትችላለች። አትነሳም። ምን አለች? ክፍት ነው አለች። ክፍት ነው! ከዚያ ገባ፣ ወገኖቼ። ገባ!»

«ማነው የገባው?» ስትል ጮኸች አንዲት፣ እጇ ላይ እርጥብ ፎጣ እንደያዘች። «የት ነበር? ምን አድርጓት ነው?»

«መናኸሪያ ጠይቂ!»

መኪናዋን አቆምኩ። ትራፊክ ፖሊሱ ይምጣ፣ ወረቀቱን ሁሉ ያውጣ። «ጋሼ፣ መጨረሻውን ተናገርክ። ተናገርክ! አሁን ማን ትኬት ይቆርጣል?»

ማይኩን አጥፍቶ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። «ወየው» አለ ቀስ ብሎ፤ ቀስ ያለ ድምፅ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር። «ወየው ልጄ። ከአፌ አመለጠኝ እኮ።»

ተቆጥቼ ነበር። እንዲህ ሲል ቁጣዬን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ስልኬ ጮኸ፤ ትኬት ቆራጯ ናት። «ፎቆቹ ውስጥ የጸሐፊዋ እህት ትኖራለች፣ ታውቂያለሽ? ከበረንዳዋ ሆና ሰምታ ደወለችላት። ጸሐፊዋ ፊልሟን ከሰው ጋር ልታይ መጥታ እዚህ በር ላይ ናት። ባሏንም ይዛዋለች። ብቻ ቶሎ ኑ፣ ወይም ጭራሽ አትምጡ።»

መጣን። ጸሐፊዋ ትንሽ ሴት ናት፤ ከሷ የሚበልጥ ቦርሳ ትይዛለች። ባሏ ረጅምና ዝምተኛ፣ ከኋላዋ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«መጨረሻውን የተናገሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አለ አጎቴ።

«ለስንት ሰው?»

«ለሦስት ሰፈር...» ራሱን ነቀነቀ። «አይ፣ መጨረሻውን ለአንድ ሰፈር ብቻ ነው። ገበያው መጀመሪያውን፣ መናኸሪያው መካከሉን።»

«ሦስት ዓመት ነው የጻፍኩት! ሰው እዚያ በር ፊት ትንፋሹን ይዞ እንዲቆም ሦስት ዓመት! እርስዎ በሞንታርቦ ገፍተው አስገቡት! ደግሞ ማን ገባ አለዎት? አይገባም እኮ! ክፍት ነው ትላለች፣ ይጨልማል፣ አለቀ!»

አጎቴ አንገቱን ደፋ። «ይቆጡኝ የኔ እመቤት፣ እውነትዎን ነው። ሠላሳ ዓመት ሳላይ ዋሸሁ፣ አንድ ቀን አየሁና ደግሞ አበላሸሁ። መግባቱን ግን ገብቷል።»

«አልገባም! እኔ ነኝ የጻፍኩት!»

«እርስዎ ይጻፉት፣ እኔ አይቼዋለሁ። ክፍት ነው ካለች በኋላ፣ ከመጨለሙ በፊት፣ የበሩ እጀታ ወረደ። በጣም ትንሽ። የጥፍር ያህል።»

«የምን እጀታ? እጀታ አይንቀሳቀስም!»

ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ባልየው ጫማውን ከማየት አልፎ የጫማውን ክር ወደ መቁጠር ደርሷል።

«አንተ?»

«ተዋናዩ ነው የነካው» አለ። ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ የሚል ድምፅ አለው። «አምስተኛው ቀረጻ ላይ። ሳቆራርጠው ላወጣው ነበር። አሳዘነኝ።»

«ይሄን ሁሉ አገር ዞረን ስናሳይ አልነገርከኝም?»

«ማንም አላየውማ።» በአገጩ ወደ አጎቴ ጠቆመ። «እስከ ዛሬ።»

እኔም አላየሁትም ነበር። ማመን ይተናነቀኛል፣ ግን አላየሁትም።

ይህን ስንባባል ትኬት መቁረጫው መስኮት ጋ ጫጫታ ተነሳ። ቲማቲም ሻጯ ናት፤ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ከኋላዋ የአውቶቡሱ ረዳት።

«አንተ መካከሉን ካወቅህ ንገረኝ፤ ሚስትየዋ ምን ሆነች?»

«መጀመሪያ አንቺ ለምን እንደታሰረ ንገሪኝ!»

«እኔ መግባቱን አውቃለሁ» አለች ፎጣ ይዛ የነበረችው ሴት፣ ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር። «ማን እንደሆነ ነው የማላውቀው።»

«ገባ? የት ነው የሚገባው እንዲህ ብላው?» አለ ረዳቱ። «እኔ ብሆን አልገባም!»

«አንተማ ሸሚዝም አታጥፍም!» አለው ሌላ የመናኸሪያ ሰው።

ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ አስፋልቱ ጋ ደረሰ። ገበያው ከመናኸሪያው፣ መናኸሪያው ከፎቆቹ ጋር እየተጨቃጨቀ ገባ። ሐሙስ ዕለት ሚስቱ ያለቀሰችበት ጎልማሳ ሳይቀር ነበር፤ «እሷ ናት ድገመው ያለችኝ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጓሮ በር ገብቼ አየሁ። ግማሹን አልፏል። ከኋላ ረድፍ ላይ ሥራ አስኪያጁ ቆሟል፤ እስክሪብቶው ሙሉ ነው።

አጎቴ አልገባም። ደረጃው ላይ እኔ ዓርብ በተቀመጥኩበት ቁጭ ብሎ ጉልበቱን ያሻል። ጸሐፊዋ መጥታ ከአጠገቡ ቆመች። አሁንም ተቆጥታለች፣ ግን ቁጣዋ አድራሻው ተቀይሯል፤ ባሏ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ለመቅረብ እያመነታ ነው።

«ገበያ ላይ ምን ብለው ነው የጀመሩት?» አለችው።

«ልብሱን በፌስታል ይዟል አልኩ።»

«ፌስታሉን አዩት?»

«ቀዳዳ አለው። በቀዳዳው የሸሚዙ ቁልፍ ይታያል።»

ሴትየዋ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ከጎኑ ተቀመጠች።

ሥራ አስኪያጁ ወጣ። «ጋሼ፣ ምን ቁጭ ብለሃል? የአሥራ አንድ ሰዓቱም አለ። ዙር እንጂ!»

«ነገስ?» አልኩት እኔ። አጎቴ ይህን እንደማይጠይቅ አውቃለሁ።

«ነገም። ሰኞም። ምን አባቴ ላድርግ፣ ስልክ ሰውን እንዲህ አያጣላማ!»

አጎቴ ብድግ ሲል ጉልበቱ ጮኸ። ወደ ሚኒባሷ ግን ሮጠ፤ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሞተር ሳስነሳ የጎኑ በር ተከፈተና ጸሐፊዋ ገብታ በመካከላችን ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኔ ላይ ጥላ።

«እኔም እሄዳለሁ። ይህ ሰው ብቻውን ማይክ ሊሰጠው አይገባም።»

«ባልዎስ?» አልኳት።

«በእግሩ ይምጣ። እጀታውን ያስብበት።»

ከፎቆቹ ጀመርን፤ አጎቴ የቀረባቸውን መጀመሪያ ሊነግራቸው ነው። «ወገኖቼ፣ ሰውዬው ዘጠኝ ዓመት ታስሮ...» ሲል ከጎኑ «አሥራ አንድ!» የሚል የሴት ድምፅ በሞንታርቦው ወጣ። በረንዳዎቹ ሳቁ። «አሥራ አንድ፣ አሥራ አንድ» አለ አጎቴ። «ሚስትየዋ ጫማውን አየችና አዘነችለት...» «አላዘነችም! ለካች! እግሩ የቀነሰ መስሏት ነው!» «የኔ እመቤት፣ ማይኩን ይልቀቁ።» «እርስዎ ሚስትየዋን ይልቀቁ!»

ከላይ አንዲት ሴት አንሶላ ገልጣ ጮኸች። «ኧረ ቆይ፣ መጨረሻ ላይ ገባ ወይስ አልገባም?»

«ገባ!» አለ አጎቴ።

«አልገባም!» አለች ጸሐፊዋ፣ በዚያው ማይክ፣ በዚያው ትንፋሽ።

ከኋላችን፣ በእግሩ፣ ረጅሙ ባል ይከተለናል። ማርሹን አንደኛ ላይ አደረግኩት። እንዲህ ያለ ጠብ በሁለተኛ ማርሽ አይታለፍም።